አይስላንድን በአራት ቀን መዞር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና እህቴ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አይስላንድ ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። እዚያ የምንቆየው አራት ሙሉ ቀን ነው። እሳተ ገሞራም የበረዶ ግግርም ማየት እንፈልጋለን። መኪና ተከራይተን ደሴቷን ዙሪያዋን ልንዞራት አስበናል። መንገዱ 1300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ስለተባልኩ በቀን ሦስት መቶ ምናምን ብንነዳ እንጨርሰዋለን ብዬ አስልቻለሁ። እህቴ ደግሞ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በረራ ቢሰረዝስ ብላ ፈርታለች። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሒሳብሽ ልክ ነው፣ ዕቅዱ ግን አያዋጣም። ዙሪያውን የሚሄደው 1 ቁጥር መንገድ 1322 ኪሎ ሜትር ነው። ሕጉ አስፋልት ላይ ከ90፣ ጠጠር ላይ ከ80 በላይ አያስነዳም። ብዙ ቦታ ላይ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች አሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ወቅት ብርሃን የምታገኙት በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ነው። እና ፏፏቴ ባያችሁ ቁጥር ትቆማላችሁ፣ አንቆምም ብትሉም ትቆማላችሁ። ስለዚህ ዙሩን ተዉትና ደቡቡን ያዙ። ከዋና ከተማው ከሬይኪያቪክ ተነስታችሁ የበረዶ ስባሪ እስከሚንሳፈፍበት ኩሬ፣ እስከ ዮኩልሳርሎን፣ ሄዳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። እሳቱም በረዶውም እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ቲንግቬሊርን፣ የጌይሲር ፍልውኃንና የጉልፎስ ፏፏቴን በመጀመሪያው ቀን ጨርሷቸው፣ ለዋና ከተማው ቅርብ ናቸው። ቲንግቬሊር በ930 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረው የአይስላንድ ፓርላማ ይሰበሰብበት የነበረ ቦታ ነው። የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ቅርፊቶች የሚላቀቁትም እዚያው ነው፣ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጌይሲር ስትደርሱ ዋናው ፍልውኃ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይነሳም፣ እናንተ ስትሮኩር የሚባለው አጠገብ ቁሙ። እሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እየቆየ ይተኮሳል።

ከዚያ ቪክ ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ውረዱ፣ አዳራችሁም እዚያ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ ይሁን። ሰልያላንድስፎስ ፏፏቴ መንገድ ላይ ነው፣ ከጀርባው ዞሮ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከሌላችሁ ቀኑን ሙሉ እርጥብ እንደሆናችሁ ትውላላችሁ። ስኮጋፎስ ፏፏቴም እዚያው አቅራቢያ ነው። ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ምረጡ ብባል ግን ሶልሄይማዮኩል የሚባለው የበረዶ ግግር ላይ ከአስጎብኚ ጋር በእግር መውጣትን እመርጣለሁ። ከጫማችሁ ሥር ሹል ብረት አስረው ያወጧችኋል። በረዶው ነጭ ይመስላችኋል አይደል? ቀረብ ብላችሁ ስታዩት በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ ነው፣ ያ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የበረዶው ምላስ የሚወርደው ከትልቁ ግግር ከሚርዳልስዮኩል ነው፣ ከሚርዳልስዮኩል ሥር ደግሞ ካትላ የተባለችው እሳተ ገሞራ አለች፣ በረዶውን በስታ በኃይል የፈነዳችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1918 ነው። እሳትና በረዶ ባንድ ላይ ማለት ይኼ ነው። ብቻችሁን ግን እግራችሁን እንዳታነሱ፣ ስንጥቁ ከላይ በስስ በረዶ ተሸፍኖ አይታይም።

ቪክ አጠገብ ያለው ጥቁር አሸዋ፣ ሬይኒስፍያራ፣ በጣም ያምራል፣ ሰውም ይገድላል። ማዕበሉ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ ላይ ይዘልቃል። ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። ፎቶ የምትነሱ ከሆነ አንዳችሁ ባሕሩን ትጠብቅ።

ከቪክ እስከ ዮኩልሳርሎን 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ ኤልድህራውንን ታቋርጣላችሁ፣ እስከ አድማስ የተዘረጋ የረጋ ላቫ ነው፣ ላዩን ወፍራም አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። ይህ ላቫ በ1783 የጀመረውና ስምንት ወር የቆየው የላኪ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ያፈሰሰው ነው። መርዛማ ጋዙ ከብቱን ፈጀ፣ ከዚያ ረኃብ ገባና ከአገሪቱ ሕዝብ ከአምስት አንድ ገደማ አለቀ። ቁሙ፣ እዩት፣ ግን አትርገጡት፣ የተረገጠው ለማገገም ብዙ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ከመንገድ ውጪ መንዳት ደግሞ በሕግ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ኪርክዩባየርክላውስቱር ስትደርሱ (ስሙ ከከተማዋ ይረዝማል) ነዳጅ ሙሉ።

ዮኩልሳርሎን ላይ አትቸኩሉ። ከትልቁ የበረዶ ግግር ከቫትናዮኩል ከሚወርደው ምላስ የተሰበሩ የበረዶ ተራሮች ኩሬው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ቀስ እያሉ በድልድዩ ሥር አልፈው ባሕር ይገባሉ፣ ባሕሩ መልሶ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይተፋቸዋል። ያን ጊዜ መስታወት ነው የሚመስሉት፣ ውስጣቸው ያለው የአየር አረፋ ሳይቀር ይታያል። ኩሬው በ1930ዎቹ መፈጠር የጀመረ ነው፣ በረዶው ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር እየሰፋ መጣ። ሰማያዊውን የበረዶ ዋሻ ግን በዚህ ጉዞ አታስቡት፣ ወቅቱ ከኖቬምበር ወዲህ ነው። ኦገስት 2024 እዚያው አካባቢ ግግር ላይ በረዶ ተደርምሶ አንድ ቱሪስት ሞቷል፣ ያለወቅቱ እንውሰዳችሁ የሚል ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ።

አሁን ወደ እህትሽ ፍርሃት። በ2010 ኤይያፍያላዮኩል የተባለው እሳተ ገሞራ የአውሮፓን በረራ ያስቆመው፣ የቀለጠው ዓለት ከበረዶ ጋር ተጋጭቶ ደቃቅ አመድ ስለሆነ ነው። ከ2021 ወዲህ አየር ማረፊያው ባለበት በሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ላይ የምንሰማው ፍንዳታ ሌላ ዓይነት ነው፣ መሬት ተሰንጥቆ ላቫ ይፈሳል እንጂ ያን ያህል አመድ የለውም፣ ኬፍላቪክ አየር ማረፊያም ሥራውን ቀጥሏል። እዚያው ላለችው ለግሪንዳቪክ ከተማ ነዋሪዎች ግን ቀልድ አልነበረም፣ ኖቬምበር 2023 ላይ ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። እናንተ ስትደርሱ ላቫ እየፈሰሰ ከሆነ እንኳ የተዘጋ መንገድ ጥሳችሁ አትሂዱ።

እኔን ከእሳተ ገሞራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። የመኪና በር ገንጥሎ ይጥላል፣ ያን ጉዳት ብዙ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ስትወርዱ በሩን በሁለት እጅ ያዙ፣ መኪናውንም አፍንጫው ወደ ነፋሱ እንዲሆን አድርጋችሁ አቁሙ። ጃንጥላ አትያዙ፣ ይሰበራል። ጠዋት ጠዋት የአገሪቱን የአየር ትንበያና የመንገድ ካርታ እዩ፣ ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ካለ ያደራችሁበት ዋሉ። ኤፍ የሚል ፊደል ያለባቸው የተራራ መንገዶች ፎር ዊል ይፈልጋሉ፣ በዚያ ወቅትም ሊዘጉ ይችላሉ፣ ከናካቴው ተዉዋቸው።

ገንዘቡ ክሮና ነው፣ ግን በካርድ ሁሉ ነገር ይከፈላል። ሰው የሌለበት ማደያ ፒን ስለሚጠይቅ ፒኑን የምታውቁት ካርድ ያዙ። ምግብ ቤት ኪስ ያራቁታል፣ ቦነስ ከሚባለው ሱፐርማርኬት ሸምቱ። ለመዝናናት ደግሞ ውድ የቱሪስት ፍልውኃ ውስጥ ከመግባት የትንንሽ ከተሞቹ የሕዝብ መዋኛ ይሻላችኋል፣ ሙቅ ገንዳም አላቸው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ገንዳ ከመግባታችሁ በፊት የዋና ልብሱን አውልቃችሁ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፣ የሴቶቹ መታጠቢያ ለብቻው ስለሆነ አትፈሩ፣ የሚያያችሁም የለም።