ሞለኪውል እና መድኃኒት

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ተናደድኩ። ባንቺ ግን አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ፦ ጸሐፊዋ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖር የ24 ዓመት ልጅ ናት። በኬሚስትሪ ተመርቃለች። ለመመረቂያዋ ከከፊራ ገበያ ከለቀመችው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ኩዌርሴቲን አወጣች፤ ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች አንዱ ነው። አንድ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ሰጥቷታል፣ ደመወዙ ትንሽ ነው። እሷ ማስተርስ ያምራታል። እናቷ "ትምህርት ይበቃሻል" ትላታለች። አጎቷ ደግሞ "ብሩን እኔ አወጣለሁ፣ በካፕሱል አድርገን ለስኳር በሽተኛ እንሽጠው" ብሏታል። "መድኃኒት በእጄ ይዤ ለምን ፋብሪካ እገባለሁ?" ስትል ትጠይቃለች።

በድሬ ወግ አንቺ እያልኩሽ ቁርጡን ልንገርሽ። በእጅሽ ያለው መድኃኒት አይደለም፤ ሞለኪውል ነው። እሱንም ካንቺ በፊት ብዙ ሰው አውጥቶታል።

የላክሽውን ፎቶ አየሁት። ወይን ጠጁ የዲፒፒኤች ፈሳሽ (አንቲኦክሲዳንት መኖሩን የሚያሳይ መፈተሻ ኬሚካል ነው) ያንቺ ጠብታ ሲገባበት ቢጫ ሆኗል። ያምራል። እኔም በጊዜዬ በዚያች ቢጫ ልቤ ጠፍቶ ነበር። ግን ቱቦው ውስጥ አንጀት የለም፣ ጉበት የለም፣ ስኳር ያለባት እናት የለችም። ሰው ኩዌርሴቲን ሲውጥ አንጀቱና ጉበቱ ቶሎ ብለው ይለዋውጡታል። ሳይለወጥ ደም ውስጥ የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ሳህን ላይ ያለን ሴል ግን የፈለግሽውን ያህል ታጠጪዋለሽ። ላብራቶሪ ውስጥ ካንሰሩንም ቫይረሱንም "ያሸነፈ" ሞለኪውል ሐኪም ሲያዝዘው የማናየው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ተስፋ የለውም አላልኩም። በ1936 እ.ኤ.አ. እነ ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ፍላቮኖይዶችን "ቫይታሚን ፒ" ብለዋቸው ነበር። ሰውዬው በዓመቱ ኖቤል ወሰደ፣ በሌላ ሥራው ነው እንጂ በዚህ አይደለም። "ቫይታሚን ፒ" የሚለው ስምም ብዙ አልቆየም። በሌላ በኩል ዳፍሎንን ፋርማሲ አይተሽው ይሆናል። ለኪንታሮትና ለእግር ደም ሥር ይታዘዛል። 500 ሚሊግራም ካለው ክኒን 450ው ዲዮስሚን የሚባል ፍላቮኖይድ ነው። ዲዮስሚን ደግሞ ብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ካለው ሄስፐሪዲን ይሠራል። የኤረር ብርቱካን ስንበላ የምንጥለው ልጣጭ ማለት ነው! ግን ከልጣጩ እስከ ክኒኑ ስንት ነገር አለ። ንጽሕናው፣ መጠኑ፣ ሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ። ያጎትሽ ብር ካፕሱሉን ይገዛል፣ ይሄን አይገዛም።

የተናደድኩበትም እዚህ ጋ ነው። እናቴ ስኳር ነበረባት። አንድ ሰው የቅጠል ዱቄት ሸጠላትና ክኒኗን አቆመች። እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶ ወራት አስተኛት። ሰውዬውን ሳገኘው ምን አወጣ መሰለሽ? ወረቀት። "ዩኒቨርሲቲ ተመራምሮበታል" አለኝ። አየሁት፣ እንዳንቺው የቱቦ ሙከራ ነው። ግራፉም ቆንጆ ነበር። ያንን የሠራው ተማሪ ወረቀቱ የት እንደደረሰ እስካሁን አያውቅም። አንቺ ግን እያወቅሽ ልትሰጪ ነው። አጎትሽ የሚፈልገው ዕውቀትሽን አይምሰልሽ፤ ዲግሪሽን ብልቃጡ ላይ መለጠፍ ነው። ሳያስመዘግቡ "ለስኳር" ብሎ መሸጥ በሕግም ያስጠይቃል፤ ያኔ ኬሚስቷ አንቺም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ደፍረሽ እምቢ በዪው። ይኮርፋል፣ ይኩረፍ።

ሥራውን ያዢው። እኔ የጀመርኩት ዱቄት ፋብሪካ ነው። መመዘን፣ ኦቨን ማስገባት፣ አውጥቶ እንደገና መመዘን፤ ቀኑን ሙሉ እርጥበት ስለካ እውል ነበር። ያሰለቻል። ግን ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሲመጣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን የሚዛኑ የለየሁት እዚያ ነው። ማስተርስ ስገባ ጓደኞቼ ገና እሱን ይማሩ ነበር። አንቺም ልጣጭሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለካሽው፣ ሠንጠረዥሽ ላይ ያስታውቃል።

ማስተርሱን ከሁለት ዓመት በኋላ። ሐረማያ ይሁን አዲስ አበባ ላልሽው፣ ከግቢው ስም በፊት አማካሪሽ ማን እንደሚሆን አጣሪ። እናትሽ ጋ በመጀመሪያ ደመወዝሽ ዘይትና ቡና ይዘሽ ግቢ፤ ከክርክሩ ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ፋብሪካው ደውይ። ኤችፒኤልሲ (የተቀላቀሉ ውህዶችን ለይቶ የሚለካው ማሽን) አላችሁ ወይ በያቸው። አለን ካሉሽ፣ መጨረሻ የሠራው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ጨርቅ ለብሶ ዓመት የቆመ ማሽን አውቃለሁ።