ከመዝገብ ቤት ወደ ታሪክ ክፍል

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 31 ነው። ላለፉት ሰባት ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ቆይቻለሁ፤ በማታው መርሐ ግብርም ታሪክ ተምሬ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዣለሁ። አሁን የታሪክ መምህርት ለመሆን ለሥልጠና አመልክቻለሁ፤ ከማመልከቻው ጋርም ስለ ሕይወት ታሪኬና ስለ ማስተማር ፍልስፍናዬ የሚገልጽ የሁለት ገጽ ጽሑፍ እንዳቀርብ ተጠይቄአለሁ። የጻፍሁትን ያነበበች መምህርት ጓደኛዬ «ይህን ማንም ሰው ሊጽፈው ይችላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ታሪኩን የማያውቅ ትውልድ መሠረት እንደሌለው ቤት ነው ብዬ ጀምሬ፣ ስለ አሳታፊ ትምህርት ያነበብሁትን ደርድሬያለሁ። ስለ ሥራዬ የጻፍሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ፋይል ማደራጀትና ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ ከማስተማር ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየኝም። አንድ ጊዜ ብቻ የአንድ ደብዳቤ ቀን አጠራጥሮኝ ነበር፤ ደብዳቤው ላይ ያረፈው ክብ ማኅተም በቢሮአችን ሥራ ላይ የዋለው ደብዳቤው ተጻፈ ከተባለበት ቀን ሁለት ዓመት ዘግይቶ ስለ ነበር ለአለቃዬ አመልክቼ፣ ደብዳቤው ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ መሆኑ ተረጋገጠ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ስሰጥ፣ የውጫሌ ውል አማርኛና ጣልያንኛ ቅጂ በአንቀጽ 17 ላይ እንደሚለያዩ አስረዳሁ። አንድ ተማሪ «ሁለቱም ከተፈረሙ ትክክለኛው የትኛው ነው? እኛስ በምን እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁና «ይህ ለፈተና አይመጣም» ብዬ አለፍሁ። ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። ይህን በጽሑፌ ውስጥ መደበቅ አለብኝ? ደግሞስ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ሰው ስለ ማስተማር ፍልስፍና ሊጽፍ ይገባዋል?

አመልካቿ

ውድ ጠያቂያችን፣

ጓደኛዎ ያለችው ልክ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው ጽሑፍ ግን በዚህ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ ያለውም እንደ ዋዛ ባለፉት በማኅተሙ ታሪክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የተባለ ጣልያናዊ ሊቅ «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የሚባለውን ሰነድ መረመረ። ሰነዱ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ በምዕራቡ የሮም ግዛት ላይ ያለውን ሥልጣን ለሮም ጳጳስ እንደ ሰጠ የሚናገር ሲሆን ለብዙ መቶ ዓመታት ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ቫላ ግን ሰነዱ የተጻፈበት ላቲን የአራተኛው መቶ ዓመት ላቲን እንዳልሆነ፣ በቆስጠንጢኖስ ዘመን በዚያ አገባብ የማይነገሩ ቃላትና ማዕረጎች እንደገቡበት አሳይቶ ሐሰተኛነቱን አጋለጠ። እርስዎም ማኅተሙን ከቀኑ ጋር አስተያይተው የደረሱበት ነገር በመንገዱ ከዚህ አይለይም። ሰነድ የሆነ ሰው፣ በሆነ ቀን፣ ለሆነ ጉዳይ ያዘጋጀው ነገር መሆኑን ብዙ የታሪክ ተመራቂዎች በቃል ያውቁታል፤ እርስዎ ግን ሰባት ዓመት በእጅዎ ሲያገላብጡት ኖረዋል። ስለዚህ ጽሑፍዎን በማኅተሙ ይጀምሩ፤ ስለ ትውልድና ስለ መሠረት የጻፉትን ያውጡት።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ልምጣ። «በምን እናውቃለን?» የታሪክ ትምህርት ዋነኛ ጥያቄ ነው፤ ያ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ሊጠየቅ የሚችለውን ትልቁን ነገር ጠይቆዎታል። የውሉ አንቀጽ 19 ሁለቱ ቅጂዎች አንድ እንደ ሆኑና እኩል ሕጋዊነት እንዳላቸው ስለሚደነግግ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ነገር ግን መልስ የሌለው አይደለም። ሁለቱን አንቀጾች፣ የጣልያንኛውን ከትርጉሙ ጋር፣ ጎን ለጎን አድርገው ለተማሪዎቹ ይስጡ፤ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ተስማምተዋል የሚል ግዴታ ተደርጎ የተወሰደ ቃል መያዙን ራሳቸው ያግኙት። ቀጥሎ እያንዳንዱ ወገን ያነበበውና የተማመነበት በየትኛው ቋንቋ የተጻፈውን እንደ ነበር ይጠይቋቸው። ከዚያም ቅጂዎቹን ትተው ድርጊቱን ይከተሉ፤ ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ ከወራት በኋላ ኢጣልያ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለሌሎች መንግሥታት አስታወቀች፤ ዳግማዊ ምኒልክም ይህን አልተቀበሉም፤ በመጨረሻም ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። አንድ ሰው አንድን ቃል እንዴት እንደ ተረዳው ከሚገልጹልን ነገሮች አንዱ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ስለ መሆኑ ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረዋል፤ ይህንንም ለተማሪዎቹ ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው። የተረጋገጠውንና የሚያከራክረውን ለይቶ መናገር መምህርን በተማሪዎቹ ፊት አያሳንሰውም፤ እኔ እንዲያውም ከዚህ የበለጠ እምነት የሚያስገኝ ነገር አላየሁም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። ሰነድ መመርመርን የሚወዱ አዳዲስ መምህራን ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት ማስያዝን ይንቃሉ። የ1877ቱ የበርሊን ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1885) ከውጫሌ ውል በፊት መምጣቱን የማያውቅ ተማሪ፣ ኢጣልያ ለሌሎች መንግሥታት ማስታወቅ ለምን እንዳስፈለጋት ሊረዳ አይችልም፤ በአፍሪካ የባሕር ዳርቻ ግዛት የሚይዝ ወይም ጥበቃ የሚያውጅ መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ ያስገደደው ያ ስምምነት ነበርና። ቅደም ተከተል ከሌለ ምክንያትና ውጤትን መለየት አይቻልም።

«ለፈተና አይመጣም» ማለትዎን አይደብቁ። አመልካቾችን የሚመርጡ ሰዎች እንከን የሌለበት ጽሑፍ እስኪሰለቻቸው ያነባሉ ብዬ አምናለሁ፤ የተሳሳተበትን ቀን በትክክል የሚያስታውስና ያን ትምህርት እንደ ገና ቢያስተምረው ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ አመልካች ግን ብዙ አያጋጥማቸውም። ጥያቄውን ልጁ በተናገረው ቃል ይጻፉት፤ የእርስዎንም መልስ ሳያለዝቡ ያስቀምጡት፤ ከዚያ ያን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አሁን እንዴት እንደሚሰጡት በዝርዝር ያስረዱ። የተጠየቁት ፍልስፍና ይኸው ነው፤ ለብቻው ሌላ አንቀጽ አያስፈልገውም።

ጽሑፉን ከማስገባትዎ በፊት ግን፣ ልጁን የማግኘት ዕድል ካለዎት ሁለቱን ቅጂዎች ይዘውለት ይሂዱና ጥያቄው ተገቢ እንደ ነበር ይንገሩት። ቅጂዎቹን አይቶ የሚጠይቅዎትን ቀጣይ ጥያቄም በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ይጻፉት።