ዋስትና ላይ ላለ መርሴዲስ የቱ ዘይት ይገዛ? ለወንድማችን ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መኪናውን የደስታ ያድርግልህ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ2022 መርሴዲስ ኢ 350 ከነዋስትናው ገዝተሃል፤ ሥራህ ከደለስ ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ነው፤ የወኪሉ ጋራዥ ለአንድ የዘይት ቅያሪ 280 ዶላር ጠይቆሃል። «ውጭ ባስቀይር ዋስትናዬ ይሰረዛል ወይ? ዘይቱስ የቱ ነው?» ብለሃል። ከስር የተሰጡህንም መልሶች አየሁ። አንዱ «ሙሉ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት) ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» ይልሃል፤ ሌላው «ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) ስላለው ወፈር ያለ አድርግበት» ይልሃል። ሁለቱም ለአንተ አስበው እንደጻፉ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ግን እባክህ አትከተል።

ሰውን የሚያስፈራው ዋስትናው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እዚህ አሜሪካ በ1975 የወጣ ማግነሰን-ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት አምራቹ «የእኔን ዘይት ካልገዛህ፣ በእኔ ጋራዥ ካላስቀየርክ ዋስትናህን አላውቅም» ሊልህ አይችልም፤ ዘይቱንና ቅያሪውን በነጻ ካልሰጠህ ወይም ከፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በቀር። ሞተሩ ቢበላሽና «ጥፋቱ የዘይቱ ነው» ቢሉህ፣ ያንን ማስረዳት የእነሱ ፋንታ ነው። ያም ሆኖ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ያዘዘውን ዘይት በጊዜው እንደቀየርክ የምታሳይበት ወረቀት ያስፈልግሃል።

ስለ ወረቀት አጥብቄ የምናገረው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። ከዚህ በፊት የነበረኝ መኪና፣ ዋስትናው ሳያልቅ፣ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር። ለጥቂት ሰከንድ እንደ ሰንሰለት ይንኳኳና ዝም ይላል። ወደ ወኪሉ ወሰድኩት። ተቀባዩ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችህን አምጣ» አለኝ። አምስት ጊዜ አስቀይሬያለሁ፤ አንዱንም ከቀኑ አላሳለፍኩም። ተማምኜ ደረሰኞቹን ከመኪናው ኪስ አወጣኋቸው። ሁለቱ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ የቨርጂኒያን የሐምሌ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ካሳለፈ ጽሑፉ እንደሚጠፋ አላውቅም ነበር። በቀሩት ሦስቱ ላይ ያለው ደግሞ «ሲንተቲክ 5ደብሊው-30» የሚል ብቻ ነው። የማን ዘይት እንደሆነ፣ የትኛው የመኪና አምራች እንደፈቀደው የሚናገር ነገር የለም። ያስቀየርኩበት ቤት ከትልቅ በርሜል በቧንቧ እየቀዳ ለመጣው መኪና ሁሉ የሚሞላ ነበር፤ ተመልሼ ሄጄ ብጠይቅም የሚያውቅ አጣሁ። መኪናው ሦስት ሳምንት ቆመ፤ ወርኃዊ ክፍያው ግን አልቆመም። በመጨረሻ የተበላሸው ዕቃ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ታመነና በዋስትናው ተሠራልኝ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። ጀሪካኑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው የኩባንያ ስምና እንደ 5ደብሊው-30 ያለው ቁጥር ብቻውን አይበቃህም። ቁጥሩ የሚነግርህ ውፍረቱን ነው፤ «ደብሊው» ያለበት በብርድ፣ ሁለተኛው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። መርሴዲስ ከውፍረቱ ሌላ ዘይቱን አስፈትኖ ካለፈ በቁጥር ይፈቅዳል፤ 229.5፣ 229.52፣ 229.71 እያለ። ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ የሚለው፣ ፖርሸ ኤ40 እና ሲ30 የሚላቸው፣ ጄኔራል ሞተርስ ዴክሶስ የሚለው ሁሉ ነገሩ ይኸው ነው። እነዚህን ቁጥሮች በግምት አንዱን በአንዱ መተካት አይቻልም። 229.71 ቀጭን 0ደብሊው-20 ነው። 229.52 ሲቃጠል የሚተወው አመድ ትንሽ እንዲሆን፣ የጭስ ማጣሪያውን እንዳይደፍን የተቀመመ ነው። ለመኪናህ የተፈቀዱት የትኞቹ እንደሆኑ ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ የዘይት ገጽ ላይ ተዘርዝሮ ታገኘዋለህ።

እኔ አሁን የምነዳው የ2015 ኢ 350 ነው፤ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6፣ ቱርቦ የሌለው። የሚፈልገው 229.5 ነው። ዋልማርት መደርደሪያ ላይ ሞቢል 1 0ደብሊው-40፣ የአውሮፓ መኪና የሚለውን አንስተህ ጀርባውን ብትገለብጠው በደቃቅ ፊደል «ኤምቢ አፕሩቫል 229.5» የሚል ታያለህ። እዚያው አጠገቡ፣ የዚያው ኩባንያ፣ መልኩ የሚመሳሰል ተራ 5ደብሊው-30 አለ፤ እሱ ጀርባ ላይ ግን የመርሴዲስን ፈቃድ አታገኝም። ስሙ አንድ ነው፤ ዘይቱ ሌላ ነው። ስታነብ ቃሉን ልብ በል። «አፕሩቫል» ካለ አምራቹ ፈቅዶታል ማለት ነው። «ሪኮሜንድድ» (ይመከራል) ወይም «ሚትስ» (ያሟላል) ካለ ግን ዘይት ሻጩ ስለ ራሱ የመሰከረው ነው። መጥፎ ዘይት ነው ማለቴ አይደለም፤ የዋስትና ክርክር ሲመጣ ግን ማስረጃ አይሆንህም። የአንተ ሞተር ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ስለሆነ የእኔን ዘይት እንዳለ አትግዛ፤ ዘዴውን ብቻ ውሰድ።

«ወፈር ያለ ይሻላል» የሚለውን ምክር ከየት እንዳመጣነው አውቃለሁ። አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ የነዳ ሁሉ 20ደብሊው-50 ሲሞላ ነው የኖረው፤ ትክክልም ነበር። በዕድሜ የተበላ ሞተር ውስጡ ሰፍቷልና ቀጭን ዘይት ግፊት አይይዝለትም። የአንተ ሞተር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍተቱና የዘይት ፓምፑ ለታዘዘለት ዘይት ተለክተዋል። በጥር ብርድ ጠዋት ስታስነሳው ዘይቱ ቱርቦው ጋ ቶሎ መድረስ አለበት፤ ያልታዘዘ ወፍራም ዘይት ያዘገየዋል። ተጨማሪ መድኃኒት እየተባለ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውንም አትጨምርበት፤ መርሴዲስ ራሱ ከልክሎታል።

በመካከል፣ ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ ካዲላክ ኤስካሌድ ስለሚነዱ ይህንን ልብ በሉልኝ። በኤፕሪል 2025 ጄኔራል ሞተርስ ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 የሆኑ የ2021 እስከ 2024 መኪኖቹን፣ ኤስካሌድን ጨምሮ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 600,000 የሚጠጉትን ለጥገና ጠርቷል። ሞተራቸው ተመርምሮ ላለፉት መኪኖች በ0ደብሊው-20 ፋንታ 0ደብሊው-40 እንዲሞላ፣ የዘይት ክዳኑና ፊልትሮውም እንዲቀየር አዟል። ስለዚህ የዱሮውን መጽሐፍ ብቻ አትመኑ፤ የሻንሲ ቁጥራችሁን በአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። አምራቹ ራሱ በጽሑፍ ሲለውጠው ያን ጊዜ ትለውጣላችሁ።

ወደ አንተ ልመለስ። መጽሐፉ በ10,000 ማይል ወይም በዓመት ይላል። አንተ ግን ኤርፖርት መጠበቂያ ቦታ ላይ ማሞቂያ ከፍተህ ሞተሩ ሳይጠፋ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ቁጠረው። ያ ሰዓት ማይል ላይ አይታይም፤ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው፤ ነዳጅም እርጥበትም ይገባበታል። እኔ በ5,000 ማይል እቀይራለሁ። ቀድሞ መቀየር ዋስትናን አይነካም፤ ማሳለፍ ነው የሚነካው።

ዘይቱንና ፊልትሮውን ራስህ ገዝተህ ወደምታምነው ጋራዥ ይዘህ ሂድ። የእኔው 7 ኳርት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 5 ኳርቱ አንድ ጀሪካን አይበቃውም፤ የአንተን ልክ ከመጽሐፉ አረጋግጥ። የማፍሰሻው ቡሎን ላይ ያለችውን ሮንዴላ አሮጌዋን መልሰው እንዳያስሩብህ ቆመህ እይ። ደረሰኙ ላይ ቀኑን፣ ማይሉን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የዘይቱን ሙሉ ስም ከነፈቃድ ቁጥሩ ያስጽፉልህ። ከዚያ እዚያው ቆመህ ደረሰኙን፣ የጀሪካኑን ጀርባና የማይል ቆጣሪውን በስልክህ አንሳና ለራስህ በኢሜይል ላክ። ወረቀቱን መኪና ውስጥ አትተወው።

የመጽሐፉን የዘይት ገጽና ኮፈኑ ስር ያለውን የዘይት ክዳን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ የትኛውን ጀሪካን እንደምታነሳ እነግርሃለሁ።