የእንግሊዝኛና የፖላንድኛ ድምፆች እንዴት ይፈጠራሉ? ጥያቄና መልስ

የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው ፊደልን እንዳታምኑ ነው፤ ድምፅን የሚለየው የምላስ፣ የከንፈርና የጉሮሮ ሥራ እንጂ አጻጻፉ አይደለም።

ከዋርሶ፦ መምህር፣ በፖላንድኛ «ካሳ» የገንዘብ መክፈያ ቦታ፣ «ካሻ» የተቀቀለ እህል ነው፤ «ካሻ» የሚባል የሴት ስምም አለ። የኋለኞቹ ሁለቱ ለጆሮዬ አንድ ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ የፉጨት ጠባይ ያላቸውን ድምፆች በስ እና በሽ ቦታ ብቻ ሲፈጥሩ፣ ፖላንድኛ ሦስት ቦታዎችን ይጠቀማል፤ በእያንዳንዱም ቦታ አራት አራት ድምፆች ስላሉት በድምሩ 12 ይሆናሉ። ለእህሉ ስም የምላስዎን ጫፍ ከላይኛው ድድ ጀርባ ወደ ላይ ያንሡ፣ የቀረውን ምላስ ጠፍጣፋ አድርገው ይያዙ፣ ከንፈርዎን በጥቂቱ ያሹሉ፤ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ይወጣል። ለሴቷ ስም ደግሞ የምላስዎን ጫፍ ከታችኛው ጥርስ ጀርባ አሳርፈው መካከሉን ወደ ላንቃ ያስጠጉ፣ ከንፈርዎንም ይግለጡ፤ ድምፁ ይቀጥናል። የእኛ ሽ በሁለቱ መካከል ስለሚወድቅ ሰሚው የትኛውን እንዳሉ ለመገመት ይገደዳል። በመስታወት ፊት ሆነው እያፈራረቁ ይለማመዱ።

ከለንደን፦ አነጋገሬን እንዴት ላሻሽል?

መልስ፦ የትኛው ቋንቋ፣ የትኛው ድምፅ? ይህን ሳይነግሩኝ ልመልስ አልችልም።

ከበርሊን፦ ፖላንዳዊው የሥራ ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ «ፔር» ሲል «ቤር» የሚል ይመስለኛል። ለምን?

መልስ፦ እንግሊዝኛ በአጽንዖት በሚነገር ክፍለ ቃል መጀመሪያ ላይ ፕን፣ ትንና ክን በትንፋሽ ያጅባል። ቀጭን ወረቀት ከአፍዎ ፊት ይዘው «ፔር» ቢሉ ወረቀቱ መወዛወዝ አለበት። ከስ በኋላ ግን፣ እንደ «ስፒን» ባለ ቃል፣ ትንፋሹ ይቀራል። በፖላንድኛ ከንፈር እንደተከፈተ የድምፅ አውታሮች ወዲያው መንዘር ስለሚጀምሩ ወረቀቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ የእንግሊዝኛን ትንፋሽ የሚጠብቅ ጆሮም ፕን እንደ ብ ይሰማዋል።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ትንፋሽ የሌለው ፕ የእኛው ጵ አይደለምን? የግሪኩ ፔትሮስ በግእዝ «ጴጥሮስ» ተብሎ በጵ እና በጥ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከክራኮው፦ አልስማማም። እኔ የፖላንድኛውን ት በጥ ስናገር ፖላንዳውያን የተቆጣሁ መስሏቸው ጠይቀውኛል። ደግሞም ስለ ግእዝ አልተጠየቀም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ምሳሌ ማምጣት አይከለከልም።

መልስ፦ የጴጥሮስ ምሳሌ መልካም ነው፤ የግሪኩ ድምፅ ትንፋሽ ስላልነበረው ለጆሮ ቅርብ ሆኖ የተገኘው ጵ ነበር። አፈጣጠራቸው ግን ይለያያል። ጵ ስንል ጉሮሮ ይዘጋል፣ ማንቁርት ከፍ ይላል፣ በአፍ ውስጥ የታፈነው አየርም ተጨምቆ ይወጣል፤ ስለዚህ ከአናባቢው በፊት አጭር ዝምታ ይሰማል። በፖላንድኛው ፕ ጉሮሮ አይዘጋም፣ ዝምታውም የለም። እባካችሁ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ከዋርሶ፣ ሌላ ጠያቂ፦ ሁለቱን «ካሻ» በአማርኛ ፊደል ለይተው ይጻፉልን።

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ለሁለቱም ያለን አንድ ሽ ነው፤ ፊደልን አትመኑ።

ከውች፦ የምኖርባት ከተማ በፖላንድኛ በኤል፣ በኦ፣ በዲ እና በዜድ ትጻፋለች። «ውች» የምትባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ፊደል በሰያፍ መስመር የተሰረዘ ኤል ነው። ቀድሞ የምላስ ኋላ ከፍ ብሎ የሚነገር ወፍራም ል ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ፊል» መጨረሻ ላይ የሚሰማው ዓይነት ማለት ነው። በጊዜ ብዛት የምላስ ጫፍ ድድን መንካት ሲተው ው ብቻ ቀረ። በለንደን ኮክኒ አነጋገርም «ሚልክ» «ሚውክ» የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ጭረት ያለበት ኦ እንደ ኡ ይነበባል። ዲ እና ዜድ እዚህ አብረው ጅን ያመለክታሉ፤ በፖላንድኛ ነዛሪ ድምፅ (የድምፅ አውታሮች እየነዘሩ የሚወጣ ድምፅ) ቃል ሲዘጋ መንዘሩን ስለሚያጣ ጅ የነበረው ች ይሆናል፤ «በውች ከተማ» ለማለት አናባቢ ሲጨመር ግን «ዎጂ» ተብሎ ነዛሪው ይመለሳል። እንግሊዝኛ እንዲህ አያደርግም፤ «ባድ»ን ከ«ባት» በይበልጥ የሚለየው የአናባቢው መርዘም ነው።

ከማንቸስተር፦ በእንግሊዝኛ «ሦስት» የሚለው ቃል የሚጀምርበት ድምፅስ?

መልስ፦ ምላስ በጥርሶች መካከል። አማርኛም ፖላንድኛም የላቸውም።

ከግዳንስክ፦ በፖላንድኛ ዋይ የሚጻፈው አናባቢስ?

መልስ፦ የእኛ እ ቅርቡ ነው፤ ምላስዎን ጥቂት ወደ ፊት ያምጡት።