በዓመት 1 ዶላር ስለተባለው የከተማ አዳራሽ

ሰላም ወንድሜ፣ ከተማው ባዶ የቆመ አዳራሹን ለቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ማህበራችን በዓመት 1 ዶላር ሊያከራየን ነው እንፈርም ወይ ላልከው፣ እኔም እዚሁ ካሊፎርኒያ ከአርሚ ከወጣሁ በኋላ የአንድ ፖስት (የቬተራን ማህበር ቅርንጫፍ) ገንዘብ ያዥ ሆኜ አራት አመት ስለሰራሁ የደረሰብንን ልንገርህ። ኪራዩን ተወውና ጣራው በማን ነው የሚጠገነው ብለህ ጠይቅ። እኛ ውሉ ላይ "ጥገና በተከራይ" የምትለዋን መስመር አምፑል መቀየርና ቀለም መቀባት መስሎን አለፍናት፣ ጃንዋሪ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ግን ልክ ባንዲራዎቹ ከቆሙበት መድረክ በላይ ማፍሰስ ጀመረ፣ ቬትናም የዘመቱ ሽማግሌዎች ባልዲ ይዘው ሲሯሯጡ ማየት አንጀት ይበላል፣ ከተማው ጋ ስንደውል ውላችሁን አንብቡ አሉን። ያጠራቀምነው በሙሉ እዛ ጣራ ላይ አለቀ። ስለዚህ ጣራ፣ ቦይለር፣ ሊፍት፣ ቧንቧ በከተማው ወጪ ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ፣ ሳትፈርሙም ኢንስፔክተር አስገቡ፣ ፎቶም አንሱ።

ደግሞ ህንጻው የካውንቲ (ከከተማው ሰፋ ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ነው የከተማ? የካውንቲ ከሆነና ለቬተራን ተብሎ የተሰጠ ከሆነ የካሊፎርኒያ ህግ የሆነው የሚሊታሪና ቬተራንስ ኮድ አንቀጽ 1266 አለላችሁ፣ ማህበሩ ደንቡን እስካልጣሰ፣ እስካልተስማማ ወይ ትቶት እስካልሄደ ድረስ ካውንቲው ምትክ ሳይሰጥ መንጠቅ አይችልም። ከእነዚህ አዳራሾች ብዙዎቹ እኮ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሞቱት መታሰቢያ የተሰሩ ናቸው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የቬተራንስ ህንጻ እኤአ በ1932 ነው የተከፈተው፣ በ1945 የተባበሩት መንግስታት ቻርተር የተፈረመው እዛ ነው፣ ኢትዮጵያም ፈርማለች፣ እዛ በገባሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ተራ ሊዝ ከሆነ ግን ያ ከለላ የለም፣ ቢያንስ 10 አመትና የማራዘም መብት ጠይቁ፣ በ30 ቀን ማስታወቂያ ውጡ የሚል ካለበት አትፈርሙ።

ለሰርግና ለክርስትና ማከራየት እንደምትችሉም ውሉ ላይ ይግባ፣ እኛ መብራት የምንከፍለው ከዛ ነበር፣ መጠጥ ካለ ኢንሹራንሱ ለብቻ ነው። የመንግስት ህንጻ ስለሆነ ታክስ የለውም እንዳትሉ ደግሞ፣ ካውንቲው ለተጠቃሚው ቢል ሊልክ ይችላል፣ ለቬተራን ማህበር ነጻ የሚያደርግ ማመልከቻ አሰሰር ቢሮ (ንብረት ለታክስ የሚተምነው የካውንቲው ቢሮ) አለ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይሰጣችሁም።

ውሉ እጅህ ላይ ካለ የጥገናዋን ገጽ ስሙን ሸፍነህ እዚህ ለጥፈው፣ ማታ ከስራ ስወጣ አነበዋለሁ።