ስጦታውን ከመደበቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁት ጓደኛሞች፣ ልጆቻችሁ የተደበቀ ስጦታ የሚፈልጉበት የገናው የስጦታ ፍለጋ አምና በልጆች ለቅሶ ስላለቀ ዘንድሮ ይቅር ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። አይቅር። ጥያቄያችሁ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ የኛ ትውልድ ሲሰደድ ገናን ይዞ እንቆቅልሽን ጥሎ ነው የመጣው።

«እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ መልሱ የጠፋበት ልጅ አያለቅስም ነበር። «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ተቀባዩ «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ ይኮራበታል፣ ይሰድበዋልም፤ ከዚያ መልሱን ይነግረዋል። መሸነፍ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከፍለህ ትቀጥላለህ። የእናንተ ፍለጋ የጎደለው ይህ ነው። ፈጣኑ ሁሉን ያፍሳል፣ ትንሿ ባዶ ቅርጫት ይዛ ትቆማለች፣ እናቷም ትቀየማለች።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቀለም ያለው 5 ካርድ ደብቁለት፤ 12 ልጅ ከሆኑ 60 ካርድ። የሌላ ቀለም ያየ ዝም ብሎ ያልፋል። አንዱ ካርድ ወደሚቀጥለው ይመራል፤ አምስተኛው ስጦታው ጋ ያደርሳል። የጠፋበት ልጅ ለደበቀው ሰው አንድ ከተማ «ሰጥቶ» ፍንጭ ይቀበላል፤ አንዴ የሰጠውን ከተማ አይደግምም። ጂማ፣ ደሴ፣ አክሱም እያሉ አገራቸውንም ይማራሉ።

ከ5 ዓመት በታች ላሉት ካርዱ ሥዕል ይሁን፣ በዓይናቸው ከፍታ ግማሹ እየታየ ይቀመጥ። ከፍ ላሉት እንቆቅልሽ ጻፉ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ያምራል፤ ነገር ግን መልሱ ጤዛ ነው፣ አፓርታማ ውስጥ ጤዛ የት ይገኛል? መልሱ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ መሆን አለበት፦ «ባርኔጣዋን ስታወልቅ ሆዷ እንጀራ» ለመሶብ፣ «ዓይኗ ብዙ፣ አታይም» ለእንጀራ። ፊደል የማያነብ የ12 ዓመት ልጅ ከሚያነብ ታናሽ ጋር ይጣመር። ታናሹ ያን ቀን አለቃ ይሆናል።

ቀኑን አስቡበት። ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 በአብዛኛው ትምህርት ቤት ክፍት ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ይሻላል። እረፍት ነው ብላችሁ ዲሴምበር 25 ካደረጋችሁት ጾሙ አልወጣምና ወተት ያለበት ቸኮሌት ከሚጾም ቤተሰብ ጋር ያጣላችኋል።

ስጦታ ማን ለማን እንደሚገዛ በዕጣ ይለይ፤ ከ15 ዶላር አይለፍ። የዘንድሮ ወላጅ ዋጋ ባበዛ ቁጥር የወደደ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን የሚያየው የጓደኛውን ሣጥን ትልቅነት ነው። ትንሽ ልጅ ካለ ሳንቲም የመሰለች ክብ ባትሪ ያለበት መጫወቻ ጨርሶ አይግባ፤ ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች። ቸኮሌትም ማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥ። ቡና የሚፈላበትን ጥግ ለፍለጋ ዝጉት፤ ከሰልና የሚሮጥ ልጅ አይገጥሙም።

ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ፣ የትልልቆቹም ጭምር። የሚደብቀው ሰው ግን የራሱን ይያዝና እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ ያንሳ፤ ያለዚያ ሁለት ሦስት ካርድ እስከ ፋሲካ ሶፋ ሥር ይከርማል። ኦቨን ውስጥ ግን ምንም አትደብቁ። ዶሮ ወጡን ሊያሞቅ የሚለኩሰው ሰው ፎቶውን አያይም።