94 ያለችው ልጅ

ባለፈው ሰሞን ጅሬን አካባቢ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ዘንድሮ ማስተማር የጀመረች ልጅ አጠገቤ መጣች። አራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ታስተምራለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ «ጋሼ፣ ልጆቹ የማላውቀውን ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። እዚያ ቦታ ረዥም ወሬ መጀመር ነውር መሰለኝና «ኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እንደሷ ገና ጠመኔ ለጨበጣችሁ ሁሉም ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጅማ፣ በ1979 ዓ.ም. ነው። የ23 ዓመት ወጣት ነበርኩ። አምስተኛ ክፍል፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የተጣበቡ 70 ልጆች። ትምህርቱ ስለ ሙቀት ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። በቃል ከማስጠናቸው ላሳያቸው ብዬ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከሚያስተምር ጓደኛዬ ቴርሞሜትር ለመንኩ። «ከሰበርከው ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የላምባ ምድጃና በራድ ከቤቴ ይዤ ሄድኩ።

ቴርሞሜትሩን በሲባጎ አስሬ ከእንጨት ማስመሪያ ላይ አንጠለጠልኩት። ጫፉ ውሃው ውስጥ ይግባ እንጂ የበራዱን ቂጥ እንዳይነካ ተጠንቅቄያለሁ። የኋላዎቹ ዴስክ ላይ ወጥተው ቆሙ። ውሃው መጀመሪያ አፏጨ፣ ከዚያ ተንተከተከ። ከፊት ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ጠርቼ «አንብቢ» አልኳት። እንፋሎቱን በእጇ እየገፋች፣ ዓይኗን አስጠግታ ቆየችና «94» አለች።

«ደግመሽ አንብቢ።»

«94 ነው፣ ቲቸር።»

ትንሽ ይፍላ ብዬ ጠበቅን። ውሃው ይንተከተካል፣ ቀዩ መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። ሌላ ልጅ ጠራሁ። እሱ መጽሐፉን አይቶ ነበር የመጣው፤ «100» አለ። «ጎሽ!» አልኩት። ያቺ «ጎሽ» እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ልጅቷ አልተቀመጠችም። «ቲቸር፣ እናቴ ጋምቤላ ሳለን ቦሎቄ ቶሎ ይበስል ነበር፣ እዚህ ግን እንጨት ይጨርሳል ትላለች» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ 100 ጻፍኩ። ሁሉም ገለበጡ። በኋላ ደብተር ሳርም የእሷን አየሁት። 94 ጽፋ፣ በላጲስ ፍቃ፣ 100 አድርጋዋለች። የተፋቀበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቶ ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም።

እውነቱን ያወቅኩት ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በክረምት ትምህርት ላይ ነው። ውሃ እንዲፈላ እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን አየር ማሸነፍ አለበት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጫናውም ይቀንሳል፣ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። 100 ዲግሪ የሚባለው ምጽዋ ላይ፣ ከባሕር ወለል እኩል ሲሆን ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ 94 ገደማ። አዲስ አበባ 92 ገደማ። ጋምቤላ ወደ 500 ሜትር ስለሆነ 98 ገደማ ይደርሳል። በዚያች አራት ዲግሪ ነው ቦሎቄው ቶሎ የሚበስለው። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ልጅቷ ልክ ነበረች። እናቷም ልክ ነበሩ። ደብተሬ ላይ ስሌቱን ጨርሼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ሌላ ነገር አልጻፍኩም።

ቤተሰቡን ፈለግኩ። አባቷ ሾፌር ስለነበሩ ከተማውን ለቀው ሄደዋል። ብዙ ጊዜ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስሄድ፣ ቦሎቄ የሚሰፍሩ ሴቶች ጋ እቆማለሁ። እሷን የማገኝ ይመስለኛል።

ስለ ትምህርት ዕቅድና ክፍል ስለ መቆጣጠር አልጽፍላችሁም። እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። የዛሬ ወጣት መምህራን «ላብራቶሪ የለንም» ትላላችሁ፣ ከዚያ የሚፈላ ውሃ በስልክ ቪዲዮ ታሳያላችሁ። ጅማ ላይ ውሃ ጠፋ? ቡና ጠፋ? አንድ ዓመት ቀይ ቡና ፈልፍለን በወተት ጣሳ ዘራን። ቡና ለመብቀል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ፤ አንዱማ በየቀኑ አፈሩን እየጫረ ያያል። ሲወጣ ግን ፍሬውን እንደ ቆብ በራሱ ተሸክሞ ብቅ አለ። ያን ዕለት ደወል ተደውሎም የወጣ አልነበረም። ጎን ለጎን የተቆላ ቡናም ዘርተን ነበር። ለምን እንዳልበቀለ ሲከራከሩ ውለዋል፤ እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ስልክ ጠላሁ ማለቴ አይደለም፤ የልጅ ልጄ ቤታችን ያለበትን ከፍታ በስልኳ ስታሳየኝ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። ያኔ ኪሴ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ። መጽሐፉንም ጣሉት ማለቴ አይደለም። ብዙ ዓመት ያስተማርኩት በመጽሐፍ ነው። ግን መጽሐፉና በራዱ ሲጣሉ በራዱን ለማባረር አትቸኩሉ። «አላውቅም፣ ነገ አብረን እናያለን» ማለት ያን ጊዜ ሞት መስሎ ይታየኝ ነበር። 70 ልጅ ፊት! ዛሬም ቀላል ነው አልላችሁም።

ለቅሶ ቤት ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ በኋላ የራሴን ቴርሞሜትር ገዝቼ ነበር። ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ሁሌም ቤት ነኝ፤ ነይና ውሰጂው። ብትሰብሪውም ግድ የለም። በራዱን ከራስሽ። ጫፉ የበራዱን ቂጥ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ከዚያ አንዷን ልጅ ጥሪና ታንብብ።